በሯ ወደ ደጅ የሆነች ክፍል

ባለፈው ወር ቤታችን ላይ አንዲት ክፍል ልንጨምር ጭቃ አስቦካን። ጭቃ ጭድ ገብቶበት፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ቀናት ተከድኖ ሲከርም የሚሸተው ሽታ አለ። ትንሽ እንደ በረት፣ ትንሽ እንደ ቦካ ሊጥ። ግንበኛው ጠዋት መጥቶ ክዳኑን ሲገልጠው ሽታው ግቢውን ሞላው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ጋሼ፣ ክፍሏ ለምን ልትሆን ነው? በሩን በየት በኩል ላውጣው?» አለኝ።

ባለቤቴ «የእንግዳ ናት» አለች። ልጄ «የኔ ናት» አለች። እኔ ወጥቼ መኪና መንገዱ ዳር ቆምኩ። ሰውየው ምን ክፉ ተናገርኩ ብሎ ባለቤቴን ጠይቋታል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ብዙ ጽፌ አላውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ማመልከቻ ግን አልጽፍም። ጎረቤት ማመልከቻ ጻፍልኝ ሲለኝ እጄን አሞኛል እላለሁ። እጄን አሞኝ አያውቅም።

ዘመኑ ደርግ ነው። ዕድሜዬ ዘጠኝ ወይም አሥር ይሆናል፤ ሦስተኛ ክፍል መሆኔን ግን በደንብ አውቃለሁ። ከትልቁ ድርቅ በኋላ ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላው ጥሩ አድርጎ የያዘበት ዓመት ነበር። ቤታችን ከመኪና መንገዱ ትንሽ ገባ ይላል። አንድ ሳሎን፣ አንድ ጓዳ፤ ሌላ የለውም። አባቴ ያሲን አህዮች ነበሩት፤ የሰው እህል ከገጠር ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ ቤት ያመላልሳል። እናቴ ዘሀራ ትባላለች። ወንድሜ እንድሪስ ዘጠነኛ ክፍል ነው። እኔ «አያ» ነው የምለው፤ በእኛ አገር ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም። ከእኛ ጋር ሁለት ፍየሎች ነበሩ፤ ማታ ማታ ሳሎን ይገቡና እኔ አጠገብ ይተኛሉ። አንዷ ጆሮዬ ላይ ትተነፍስ ነበር።

አባቴ በዚያ ዓመት እጁ ትንሽ ተፍታታ። እንጨት ገዛ። በቤታችን ጎን፣ በመንገዱ በኩል ባለው ባዶ ቦታ አንድ ክፍል እጨምራለሁ አለ። ያን ቀን ማታ እራት ላይ ክፍሏ ገና ሳትሠራ አራት ባለቤት አገኘች።

«ማሽላዬን ከጉድጓድ አውጥቼ እዚያ አስገባለሁ» አለ አባቴ። «ጉድጓድ ውስጥ ያለው ግማሹ ሻገተ። የአህዮቹም ጭነት እዚያው ይራገፋል።»

«ማሽላ ክፍል ይያዝ፣ እኔ ከፍየል ጋር ልደር!» አለች እናቴ። «በመንገዱ በኩል መስኮት ቁረጥልኝ። ሻይና ፓስቲ እሸጣለሁ። ሾፌሮቹ ሁሉ ጎብዬ ደርሰው የሚበሉት ለምን ነው? ቆቦ የሚያበላቸው ስላጡ ነው።»

እንድሪስ «ለእኔ ስጡኝ» አለ። «በዚህ ጫጫታ ምን ላጥና?»

«አንተማ የምታጠናው እንቅልፍ ነው። እሱን ደግሞ በቃልህ ይዘኸዋል» አለው አባቴ።

እኔም እፈልጋት ነበር። አልተናገርኩም እንጂ ከሁሉም በላይ የምፈልጋት እኔ ነበርኩ።

ምሰሶው ቆሞ ማገሩ ሲታሰር አያ ሞላ የሚባለው ግንበኛ መሰላሉ ላይ ሆኖ አባቴን ጠራው።

«ያሲን፣ በሩ ወዴት ነው?»

«ወደ ደጅ ነዋ። አህያ በሳሎን ላስገባልህ?»

አያ ሞላ ከመሰላሉ ወረደ። ድምፁን ቀነሰ። «ወደ ደጅ ካደረግኸው ሌላ ቤት ነው። ሌላ ቤት ትርፍ ቤት ነው። ትርፍ ቤት ደግሞ የማን እንደሆነ ታውቃለህ።»

በዚያ ዘመን የከተማ ሰው ከአንድ ቤት በላይ አይኖረውም። ሁለተኛ ከተገኘ ቀበሌ ይወስደዋል። እኛ ሰፈር ላይ አንድ ሰው ባሏ ለሞተባት እህቱ ጎን ክፍል ሠርቶ ነበር፤ እህቲቱ ከገጠር እስክትመጣ ቀበሌ የማያውቁትን ሰው አስገባባቸው። ሰውየው ግድግዳ ለግድግዳ ሲያስል እየሰሙ ኖሩ።

«በሩን ወደ ውስጥ አድርገውና ተገላገል» አለው አያ ሞላ።

አባቴ ያን ሰሞን ምሰሶዎቹን እየዞረ ሲያይ ሰነበተ። አህዮቹን ጭኖ ሲወጣ እንኳ ዞሮ ያያቸዋል። ከዚያ አንድ ጠዋት ከስግደት ሲነሳ ፊቱ በርቶ እናቴን ጠራት።

«ለእንድሪስ ነው እንላለን። ሊያገባ ነው፤ ጎጆ ሊወጣ ነው። ያገባ ልጅ ራሱን የቻለ አባወራ ነው። የአባወራ ቤት ትርፍ አይባልም።»

«ማንን ነው የሚያገባው?» አለች እናቴ።

«ሙሽራ ይጠፋል? መጀመሪያ ክፍሉ ይቁም።»

«ልትዋሽ ነው?»

«ምን ውሸት አለው? አንድ ቀን አያገባም? ቀኑን ትንሽ ነው ያስጠጋሁት።»

እናቴ ሳቀች። እንድሪስም ከጓዳ ሆኖ ሰምቶ ሳቀ። እኔ የሳቁበት አልገባኝም። እንድሪስ ሊያገባ ነው፤ የሰማሁት ይኼን ብቻ ነው።

ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ገበያው አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፤ አባቴ ግን «እነሱ የጻፉትን ከተማው ሁሉ ያነበዋል» አለ። እንድሪስ ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ደግሞም «የራሴን ሰርግ ራሴ ልጽፍ?» ብሎ እምቢ አለ። የእኔን ጽሑፍ መምህራችን ለክፍሉ ያሳይ ነበር። አባቴ አዲስ እስክሪብቶና መስመር ያለው ወረቀት ገዝቶ መጣ። ሳሎን መሬት ላይ፣ የስኳር ሣጥን ገልብጠን እንደ ጠረጴዛ ተጠቀምንበት። አራታችንም በሣጥኑ ዙሪያ ተቀመጥን። በዓል ይመስል ነበር።

«ልጄ እንድሪስ ያሲን ትዳር ሊይዝ ስለሆነ፣ በል» አለ አባቴ። ጻፍኩ።

«ዕድሜው?» አልኩ። መምህራችን ማመልከቻ ላይ ዕድሜ ይጻፋል ብሎ አስተምሮናል።

አባቴ እናቴን አያት። እናቴ ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። «ጎሊና ወንዝ ሞልቶ በሬውን የወሰደብን ዓመት ነው የወለድኩት... ከዚያ አንተ መቀሌ የሄድክበት... አሥራ ሰባት።»

«አሥራ ሰባት ልጅ ነው ይሉናል። ሃያ በል።»

ሃያ አልኩ። መምህራችን ቁጥር በአኃዝም በፊደልም ይጻፋል፣ ማንም እንዳይፍቀው፣ ብሎን ነበር። እንዳለው አደረግሁ። «20» ብዬ፣ አጠገቡ «ሃያ» ብዬ ጻፍኩ። የ«ያ»ን እግር ጥሩ አድርጌ አጠፍኩት። አሁን ሳስበው ደስ ብሎኝ ነበር።

«በአንድ መስመር ሦስት ዓመት አሳደገኝ!» አለ እንድሪስ። «ኧረ ቀስ በል ልጅ፣ ሽበት እንዳታወጣብኝ።»

«ሥራው?» አልኩ።

«ተማሪ ነው» አለች እናቴ።

«ተማሪ ያገባል እንዴ?» አለ አባቴ። «ትምህርቱን ትቶ ከአባቱ ጋር በአህያ ጭነት ሥራ የሚተዳደር፣ በል።»

እሱንም ጻፍኩ።

አሁን ሰው ሲሰማው እንዴት አላሰባችሁም ይላል። አሥራ ስምንት የሞላውን የሚወስድ ብሔራዊ ውትድርና እንዳለ ያላወቀ አልነበረም። ልጅ ያለው ሁሉ ይፈራ ነበር። እኛ ግን ያን ፍርሃት በእንድሪስ በኩል አስበነው አናውቅም፤ ገና ልጅ ነው፣ ደግሞ ተማሪ ነው። ያን ሰሞን የምንፈራው ለክፍሏ ነበር። ዓይናችን ሁሉ እሷ ላይ ነበር። ዕድሜው ይጠብቀው ነበር፤ ትምህርቱም ይጠብቀው ነበር። ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ አነሳሁበት። አባቴ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ ሥራው ቀጠለ። የእንድሪስ ጓደኞች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ይመጡና ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃ ይረግጣሉ። እናቴ ምርጊቱን በመዳፏ ትለስናለች። ወሬው ሰፈሩን ሞልቶት ነበር። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ብቅ እያሉ፣

«ዘሀራ፣ ኒካው መቼ ነው? ደብቀሽን!» ይሏታል።

«ኢንሻ አላህ፣ ኢንሻ አላህ» ትላለች እናቴ፤ ከዚያ ያስላታል።

«ከየት ናት?»

«ኧረ እሱን እንድሪስን ጠይቁት።»

እንድሪስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው ሌላ ሌላ ነገር ይነግረዋል። ለእኔ የነገረኝ ከዋጃ እንደሆነች ነው።

«ስሟ ማን ነው?» አልኩት። ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበታችን ቆመናል።

«ስሟን ከነገርኩህ ለፍየሎቹ ታወራለህ።»

«ቆንጆ ናት?»

«አንድ ጥርሷ ወርቅ ነው። አህያ ትጋልባለች።»

«ሴት አህያ ትጋልባለች?»

«የዋጃ ሴት ትጋልባለች። ከዋጃ ቆቦ ድረስ ጋልባ ነው የምትመጣው፤ አባባ ደግሞ አህያዋን ይወስድና ጭነት ይጭንባታል።»

ጓደኞቹ ጭቃው ላይ እስኪወድቁ ሳቁ። እኔ ግን አምኜው ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «እኔና እሷ በዚህ በኩል፤ አንተ በዚያ ጥግ። ፍየል አይገባም» አለኝ። እጁን መታሁ። ያን ቀን ጥጌን በእርምጃ ለካሁ።

ከቀበሌ መልእክተኛ የመጣው ምርጊቱ ሁለተኛው እጅ ሲለበስ ነው። «ያሲን፣ ወረቀትህ አልቋል። ከነልጅህ ትፈለጋለህ፤ እሱም ቀርቦ ይፈርማል» አለ።

እናቴ እልል አለች። በእውነት እልል አለች። አባቴ ለእንድሪስ የራሱን ኮት አለበሰው፤ ትከሻው ሰፋ እንዲል። «ጢምህን እንዳትነካው» አለው፤ ከአፍንጫው ሥር ያለችውን ጭረት ጢም ብሎ ነው። «ቀና በል። ሲጠይቁህ በወፍራም ድምፅ መልስ።»

እንድሪስ ድምፁን አወፍሮ «አቤት ጓድ ሊቀመንበር» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እስከ ጥጉ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። እሱ ኮቱ እጅጌው ረዝሞበት ጣቶቹ ብቻ ይታያሉ። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ታጠፍኩ።

ስመለስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። እናቴ የክፍሏን ግድግዳ እየለሰነች ነው። አባቴ በመንገዱ በኩል ብቻውን መጣ። በሸሚዝ ነው። በእጁ ወረቀት ይዟል፤ ክብ ማኅተም አለበት።

«አበቃ?» አለች እናቴ።

«ፈቀዱልን» አለ አባቴ።

«አልሃምዱሊላህ። እንድሪስስ?»

«ክፍሉን ፈቀዱልን።»

«እንድሪስስ ወዴት ቀረ?»

«ፈቀዱልን አልኩሽ እኮ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ እናቴ ላይ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ የቦካው ጭቃ ክምር ላይ ተቀመጠ። ንጹሕ ሱሪውን እንደለበሰ ጭቃ ላይ ተቀመጠ።

«ሃያ ዓመት የሞላው አሉኝ። ትምህርት ላይ የሌለ አሉኝ። ዝርዝር ውስጥ ገብቷል አሉኝ። ወረቀቱን ለእኔ ሲሰጡኝ እሱን በጓሮ በር በኩል ይዘውት ገቡ። አሁን ይመጣል ብዬ ቆምኩ። ሂድ አሉኝ፤ ጉዳይህ አልቋል።»

እናቴ ዞረች። መዳፏን ጭቃ ውስጥ ነክራ ግድግዳውን መለሰን ቀጠለች። እዚያው አንድ ቦታ ላይ። መልሳ መልሳ። ጭቃው እየወፈረ ሄዶ ሲወድቅ ከመሬት አንስታ መልሳ እዚያው ትለጥፈዋለች። አባቴ ተነስቶ ክንዷን እስኪይዛት ድረስ።

እኔ የተረዳሁት ሌላ ነው። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እንደዚያ ነው። ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ለራሴ መልስ ሰጠሁ። ወረቀቱ አልቋል፤ ክፍሉ ተፈቅዷል፤ እንድሪስ ሙሽራዋን ሊያመጣ ዋጃ ሄዷል። እናቴ የምታለቅሰው ሰርጉ ስለደረሰና ምርጊቱ ስላልደረቀ መሰለኝ። ትምህርት ቤት ለልጆች ነገርኳቸው። አንዱ «ወንድምህ እኮ መጋዘን ውስጥ ታስሯል» አለኝ፤ ተደባደብን።

ለውትድርና የተያዙትን ልጆች ከከተማው ዳር በሚገኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ሰብስበዋቸው ነበር። እናቴ ምግብ ይዛ ትሄዳለች። ምግቡን ይቀበሏታል፤ ልጇን አያሳዩአትም። ከሳምንት በኋላ የገበያ ቀን ጠዋት ከባድ መኪኖች መጡ። ሕዝቡ ሁሉ መንገድ ዳር ወጣ። እናቴ እጄን ይዛኛለች፤ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል። አባቴ ከፊታችን ነው።

በሁለተኛው መኪና ላይ አየሁት። የአባቴን ኮት ለብሷል። ጭንቅላቱን ተላጭቷል፤ ጆሮው ትልቅ ሆኖ ታየኝ። ዙሪያውን የሚያውቃቸው ልጆች አሉ። ደስ አለኝ። ሙሽራ ለማምጣት ብዙ ሰው አብሮ መሄዱ ደስ አለኝ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። አፍንጫውን ወደ ጎብዬ አዞረ።

ዋጃ በሌላው በኩል ነው። ቆቦ የተወለደ ሕፃን ያውቀዋል፤ ዋጃ በአላማጣ መንገድ ነው፤ ጎብዬ ደግሞ በወልድያ። ተሳስተዋል ብዬ አሰብኩ። የእናቴን እጅ አስለቅቄ ከመኪናው ኋላ ሮጥኩ።

«አያ! አያ እንድሪስ! ዋጃ በዚህ ነው!» እያልኩ እጄን ወደ ሰሜን እጠቁማለሁ። «ተሳስታችኋል! ዋጃ በዚህ ነው!»

አየኝ። ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሳቁ አልወጣም፤ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ወረወረልኝ። ለምን እንደወረወረው አላውቅም። አቧራ ላይ ወደቀ፤ አነሳሁት። ቀና ስል ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ሁሉ ይጮኻሉ። ሴቶች ሙሽራ ሲሸኙ እንደዚያ አይጮኹም። ያኔ ነው የገባኝ። ኮቱን አቅፌ እዚያው መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ በማግስቱ ቀበሌ ሄደ። እኔን ይዞኝ ሄደ፤ «አንተ ምስክሬ ነህ፤ እናትህ አሥራ ሰባት ስትል ሰምተሃል» አለኝ።

ሊቀመንበሩ የሰፈራችን ሰው ነው። እናቱ ከእናቴ ጋር ከአንድ ጉድጓድ ውሃ ቀድተው ኖረዋል። አባቴ ቆቡን አውልቆ ቆመ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጁ አሥራ ሰባት ነው። ተማሪም ነው። መምህሮቹን ጠይቋቸው። ስለ ክፍሉ ብዬ ዋሽቼ ነው።»

ሊቀመንበሩ ማኅደሩን ከፈተ። የእኔን ወረቀት አወጣ። ከሩቅ አወቅሁት። ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ።

«በአኃዝ ሃያ። በፊደል ሃያ። ያንተ አሻራ» አለ። «ያሲን፣ መንግሥትን የዋሸኸው ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ አሻራውን አየ።

«ያኔ ነው ካልክ በሐሰት ቤት አስፈቅደሃል፤ ትጠየቃለህ። አሁን ነው ካልክ ዘማች ታስቀራለህ፤ እሱም ያስጠይቃል። እንደ ጎረቤት ልምከርህ? ያልሰማሁ ልሁን። ሂድ።»

«ክፍሉን ውሰዱት» አለ አባቴ። «ዛሬ ውሰዱት። የምትፈልጉትን ሰው አስገቡበት። ቤቱንም ጨምራችሁ ውሰዱት።»

«ክፍሉን ማን ጠየቀህ? ክፍሉማ ሕጋዊ ነው» አለና ማኅደሩን ዘጋው። ከዚያ እኔን አየኝ። «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ አሉኝ። ጎበዝ። በርታ።»

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ቆቡን በእጁ እንደያዘ ሄደ። እኔም ጎኑ ጎኑን ሄድኩ። አንድ ጊዜ ብቻ እጁን አናቴ ላይ አደረገና መልሶ አነሳው።

ክፍሏ ደረቀች። ቆርቆሮ ለበሰች። በሯ ወደ ደጅ ሆነ። ለምን እንደምትሆን ግን ያነሳ ሰው የለም። አባቴ ማሽላውን ከጉድጓድ አላወጣም። እናቴም መስኮት አልጠየቀችም። እኔ ከፍየሎቹ ጋር መተኛቴን ቀጠልኩ። ባዶ ሆና ብትገኝ ትርፍ ናት ብለው እንደሚወስዷት እናውቃለን፤ ግን ማናችንም እግራችን ወደዚያ አልሄደም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ደብዳቤ መጣ። ከማሠልጠኛ ነው። ጽሑፉ ያው ዶሮ የጫረው ነው። ለእናትና አባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ደህና ነኝ፣ አታስቡ፣ ይላል። «እዚህ ሁላችንም ሃያ ዓመታችን ነው፤ አንዳንዱ ድምፁ ገና አልጎረነነም» ይላል። ለእኔም ጽፎልኛል። «የዋጃዋ ልጅ የለችም። አልቅሰሃል አሉኝ። የለችም፤ አታልቅስ። ክፍሉ ውስጥ አንተ ተኛበት።»

አባቴ «ድገመው» አለ። ደገምኩት። እናቴ ደብዳቤውን ወስዳ ገልብጣ አየችው፤ ማንበብ ስለማትችል ፊቱንም ጀርባውንም እኩል አየችው። ቢሆንም ክፍሉ ውስጥ አልተኛሁም። ፈራሁ።

መስከረም አልፎ ማሽላው ሲያሸት ሌላ ሰው መጣ። የጎብዬ ልጅ ነው፤ ከእንድሪስ ጋር በአንድ መኪና የሄደ። አንድ እግሩ የለም። አባቴን ወፍጮ ቤት አግኝቶ ነገረው። የት እንደሆነና እንዴት እንደሆነ አባቴ ለእኛ አልነገረንም፤ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም። የመንግሥት ወረቀት አልመጣልንም። በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ሲቆሙ እናቴ ከመናገራቸው በፊት አወቀች።

ሰው መጣ። ከገጠርም ከከተማም ለለቅሶ መጣ፤ እስላምም ክርስቲያንም። ሳሎናችን ሴቶቹን ብቻ ያዘና ሞላ። ወንዶቹ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ያኔ አያ ሞላ ማንንም ሳይጠይቅ ሄዶ የአዲሷን ክፍል በር ከፈተ። ሰሌን ተነጠፈ። ወንዶቹ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ከተሠራች ጀምሮ ሰው ሲገባባት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ክፍሏ ለማን እንደምትሆን ሰው ሳይወስን ተወሰነ።

በሁለተኛው ቀን ሊቀመንበሩ መጣ። ለቅሶ ነው፤ አይቀርም። «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» አለና አባቴ አጠገብ ተቀመጠ። እኔም እዚያው አባቴ ጎን ነበርኩ። ሽማግሌው ዱዓ አደረጉ። «አሚን» ተባለ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ጣሪያውን አየ፤ ግድግዳውን አየ። የሚናገረው ያጣ ሰው እንደሚለው፣ በክፋት አልመሰለኝም፣

«ክፍሉ ደህና ወጥቷል» አለ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላየንም። ወንዶች ወደተቀመጡበት ለቅሶ ሴት አትገባም፤ እሷ ገባች።

«መዝገቡን ይዘኸዋል?» አለችው።

«የምን መዝገብ፣ እትዬ ዘሀራ?»

«የትርፍ ቤቱን። ይህቺ ክፍል ዛሬ ትርፍ ናት። ጻፋት።»

«እትዬ ዘሀራ፣ አሁን እኮ ሐዘን ላይ...»

«ጻፋት አልኩህ። ልጄ ሊያገባባት ነው ብለን ነበር፤ አያገባም። አሁን እውነቱን ነገርኩህ፤ ጻፍ። እስክሪብቶ ካልያዝክ ይኸው ልጁ አለ። ይጽፍልሃል። ጽሑፉ ቆንጆ ነው።» በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

ወንዶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ ያን ቃል የወረወረችው ለእሱ ነው ወይስ ለእኔ? አላውቅም። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ወረቀት አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም፤ አሁን ደግሞ የለችም። ያኔ ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። እናቴ ጻፍ ብላኛለች። ተነስቼ ሳሎን ሄጄ ደብተሬን አመጣሁ። ሊቀመንበሩ ፊት ሰሌኑ ላይ ተንበረከክሁ። አዲስ ገጽ ገለጥኩ። የእስክሪብቶውን ክዳን ነቅዬ የሚነግረኝን ጠበቅሁ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ያያል። ላቡ በጉንጩ ይወርዳል።

አባቴ እጁን ዘርግቶ እስክሪብቶውን ከጣቶቼ መሃል ቀስ አድርጎ አወጣው። ክዳኑን ፈልጎ ገጠመው። መጻፍ አያውቅም፤ እሱ ግን ደረት ኪሱ ላይ እንደ ጸሐፊ ሰካው። ከዚያ በሌላ እጁ ጭንቅላቴን ወደ ደረቱ ሳበና ማንም እንዳያየኝ በጋቢው ሸፈነኝ። በጋቢው ውስጥ ሆኜ ሊቀመንበሩ ጫማውን ሲፈልግ ሰማሁ፤ ረጅም ጊዜ ፈለገ።